ጓደኛ፣ ፍቅረኛ፣ ጓድ፦ የጌይ ወንዶች ወዳጅነትና ማንነት በፊልም

ስለ ጌይ ወንዶች የተሠሩ ፊልሞች በተነሡ ቁጥር ወሬው የሚያጋድለው ወደ ፍቅር ታሪኩ ነው፤ ማን ማንን ወደደ፣ ማን ለወላጆቹ ተናገረ፣ ማን ሞተ። ጓደኞች የሚታወሱት እንደ አጃቢ ነው። ፊልሞቹን በተርታ አስቀምጦ ላያቸው ግን አንድ ገጸ ባሕርይ «እኔ ይህ ነኝ» የሚልበት፣ ወይም እንዳይል የሚታፈንበት ቦታ ከፍቅረኛው መኝታ ቤት ይልቅ የጓደኞቹ ሳሎን ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጓደኝነት ለእነዚህ ሰዎች ማንነታቸውን የሚያገኙበት ነው ወይስ ሌላ ሰው በሰፋላቸው ማንነት ውስጥ የሚዘጋባቸው? አንዱ ወገን ጓደኝነት የቤተሰብን ቦታ ተክቷል ይላል። ሌላው፣ የጓደኛ ክበብ ውጭ ያለውን ንቀት ቤት ድረስ አስገብቶ የሚደግም ነው ባይ ነው። ሁለቱንም የማይቀበሉ ደግሞ አሉ፤ ለእነሱ ጓደኝነቱ ቤተሰብም ወጥመድም ያልሆነ፣ ገና ደንብ ያልወጣለት አኗኗር ነው። የዚህ የመጨረሻው ሐሳብ መነሻ ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ በ1981 «ጌ ፒዬ» ለተባለ የፈረንሳይ መጽሔት የሰጠው ቃለ ምልልስ ነው። ፊልሞቹ ለሦስቱም ማስረጃ ያቀርባሉ፤ እኩል ግን አይደለም።

በዝምታው ዘመን

በ1919 ጀርመን ውስጥ ሪቻርድ ኦስቫልት «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ኮንራት ፋይት የሚጫወተው የቫዮሊን ሊቅ የወንዶችን ግንኙነት በሚቀጣው፣ አንቀጽ 175 በተባለው የወንጀል ሕግ ምክንያት አስፈራርቶ ገንዘብ በሚቀበለው ሰው እጅ ይወድቅና ራሱን ያጠፋል። ፊልሙ በዓመቱ ታገደ፤ ኋላም ናዚዎች ቅጂዎቹን አጠፉና ዛሬ የቀረው ቁርጥራጩ ነው። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፤ የዚህን ሰው ማንነት ለተመልካች የሚያስረዳው ራሱም ጓደኛውም አይደለም፣ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፈልት ራሱ በፊልሙ ቀርቦ ያስተምራል። በአርባ ሁለት ዓመቱ በእንግሊዝ የወጣው የባዚል ዲርደን «ቪክቲም» (1961) ያንኑ የማስፈራራት ታሪክ ቢያነሣም ዙሪያው ሰው አለበት፤ ፀጉር አስተካካይ፣ መጽሐፍ ነጋዴ፣ የቴአትር ተዋናይ። ይተዋወቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ምሥጢር ያውቃል። ያስተሳሰራቸው ፍርሃት ስለሆነ ግን ይሄ መተዋወቅ ወዳጅነት ለመባል አልበቃም። ፊልሙ ሲወጣ የዎልፈንደን ሪፖርት የወንዶችን ግንኙነት የሚቀጣው የእንግሊዝ ሕግ እንዲቀየር ከመከረ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ሕጉ የተቀየረው ግን በ1967 ነው።

ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስከበረው የሳንሱር ደንብ ጉዳዩን በስሙ ማንሣት ከለከለ። ስሙ ሲከለከል ጓደኝነት መሸሸጊያ ሆነ። ታዋቂው ምሳሌ የ1959ኙ «ቤን ሐር» ነው። በፊልሙ ጽሑፍ ላይ የሠራው ጎር ቪዳል፣ የቤን ሐርና የመሳላ ጠብ የቀድሞ ፍቅረኞች ጠብ እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት፤ ለመሳላ ተዋናይ ለስቲፈን ቦይድ ነገርነው፣ ለቻርልተን ሄስተን ግን አልነገርነውም ብሏል። ሄስተን በበኩሉ ክዷል። እውነቱ ከሁለቱ የየትኛው ይሁን፣ ትዕይንቱን ከዚህ ወሬ በኋላ እንደ ድሮው ማየት አስቸጋሪ ነው። የቪቶ ሩሶ «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» (1981) የተባለ መጽሐፍ የተነሣው እንዲህ ያሉትን የተሸሸጉ ምልክቶች ለመልቀም ነበር። ብዙ ለቅሟል፤ ከለቀመው ውስጥ ጥቂቱ ግፊት የበዛበት ንባብ መሆኑንም መካድ አይቻልም።

ሐያሲው ሮቢን ዉድ የሁለት ወንድ ጓደኛሞችን ፊልም ሲመረምር ሌላ ነገር አስተዋለ። «ሚድናይት ካውቦይ» (1969)፣ «ስኬርክሮው» (1973)፣ «ተንደርቦልት ኤንድ ላይትፉት» (1974) የመሳሰሉት ፊልሞች ሁለት ወንዶችን በጥልቅ ያስተሳስሩና ወደ መጨረሻው ከሁለቱ አንዱን ይገድላሉ ወይም አእምሮውን ያሳጣሉ። ሴቶች በመሃል የሚገቡት ወንዶቹ «እንደዚያ አይደሉም» ለማሰኘት ነው። ምሁሯ ኢቭ ሴጅዊክ በ1985 ይህንን አስፍታ፣ በወንዶች ወዳጅነትና በወንዶች ፍቅር መካከል ያለው አጥር የተፈጥሮ ሳይሆን የታሪክ ሥራ ነው ብላ ጻፈች። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ነገር ብዙ ማስረጃ አይሻም። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ ቢሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ያው አካሄድ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድን የድሮ ፊልም አይቶ «እነዚህ ጓደኛሞች በእርግጥ ምን ነበሩ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ እንደ ጠያቂው አገር ይለያያል።

ዘጠኝ ሰዎች በአንድ ሳሎን

ስለዚህ ርእስ የሚከራከር ሁሉ ውሎ አድሮ የሚመለሰው ወደ አንድ ሥራ ነው። የማርት ክራውሊ «ዘ ቦይስ ኢን ዘ ባንድ» በሚያዝያ 1968 በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ወጣ፤ ከ1000 ጊዜ በላይ ታየ፤ በ1970 ደግሞ ዊልያም ፍሪድኪን ያንኑ የመድረክ ቡድን ይዞ ፊልም አደረገው። ማይክል የተባለ ሰው ማንሃተን ባለው ቤቱ ለሃሮልድ የልደት ድግስ ያዘጋጃል። እየደነሱ ሳለ የማይክል የኮሌጅ ጓደኛ፣ ባለትዳሩ አለን፣ ሳይጠበቅ ይደርሳል። ዝናብ ከበረንዳው ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ መጠጡ ይበዛል፤ ማይክል አንድ ጨዋታ ያመጣል። እያንዳንዱ ስልክ አንሥቶ በሕይወቱ ከልቡ የወደደውን አንድ ሰው መጥራት አለበት፤ በነጥብ።

ጨዋታው የወዳጅነትን አሠራር ስለሚገልጥ በርጋታ መታየት አለበት። በመጀመሪያ የሚደውለው በርናርድ ነው፣ በስብስቡ ውስጥ ያለው ብቸኛ ጥቁር። የሚደውለው እናቱ በሠራተኝነት ወዳገለገለችበት ሀብታም የነጭ ቤት፣ ለልጅየው ነው። ስልኩን የምታነሣው የልጁ እናት ናት፤ በርናርድ እንደ ድሮው በትሕትና አናግሯት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ «ምነው ባልደወልኩ» እያለ ይብከነከናል። ኤሞሪ ይከተላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ለወደደው፣ አሁን የጥርስ ሐኪም ለሆነው ሰው ደውሎ ስሙን ሳይናገር ይቀራል። ፍቅረኛሞቹ ሃንክና ላሪ ግን የጨዋታውን ሕግ ከውስጥ ይሰብሩታል። ሃንክ መልእክት ተቀባዩ ዘንድ ደውሎ እዚያው ክፍል ለተቀመጠው ለላሪ የፍቅር ቃል ይተዋል፤ ላሪም በሌላው የቤቱ ስልክ ለሃንክ ይደውላል። በመጨረሻ አለን ይደውላል፤ ማይክል የጠበቀው የቀድሞ ወንድ ጓደኛውን ስም እንዲጠራ ነበር፣ አለን ግን የደወለው ለሚስቱ ነው።

ፊልሙ ሲኒማ የገባው ከስቶንዎል ግርግር ዘጠኝ ወር ያህል ቆይቶ ነው። በሰኔ 1969 የግሪኒች ቪሌጅ ቡና ቤት ደንበኞች ፖሊስን ከተጋፈጡ በኋላ የተነሣው ትውልድ ይህንን ሳሎን ማየት አልፈለገም። ክሳቸው አጭር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ይጠላሉ፣ ጥላቻቸውንም እርስ በርስ ይወራወሩታል፣ ይህን ለተመልካች ማሳየት ለጠላት መሣሪያ ማቀበል ነው። ተከላካዮቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ጌይ ወንዶች በፊልም ላይ በሐኪም፣ በፖሊስ ወይም በሚስት ዓይን ሳይታዩ እርስ በርስ ያወሩበት ጊዜ የለም ይላሉ። ስድባቸው የራሳቸው ነው፤ ቀልዳቸውን ለውጭ ሰው ለማስረዳት አይቆሙም።

በእኔ ግምት ከሳሾቹ ማይክልን ከፊልሙ ጋር አንድ አድርገውታል። ጨዋታውን የፈጠረው ማይክል ነው፣ በጨዋታው የሚሸነፈውም እሱ ነው። ሃሮልድ ከመሄዱ በፊት ፊት ለፊት ቆሞ ምን እንደሆነ ይነግረዋል፤ ያልሆነውን ለመሆን የሚመኝ አሳዛኝ ሰው መሆኑን፣ ምኞቱም እንደማይሳካ። ከዚያ ስጦታውን ሰብስቦ፣ ለሣቁ አመስግኖ፣ ነገ እንደሚደውል ነግሮት ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቁጣው ሁሉ ይበልጣል። እንዲህ የተባባሉ ሰዎች ነገ ይደዋወላሉ። ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ለዓመታት ይኳረፉ ነበር።

ተከላካዮቹም ያለፉት ነገር አለ። ኤሞሪ በርናርድን በዘሩ እየነካ ይቀልድበታል፤ በርናርድ ደግሞ ኤሞሪ ራሱ የተናቀ ስለሆነ እንደሚፈቅድለት፣ ለሌላ ሰው ግን እንደማይፈቅድ ያስረዳል። ኋላ ኤሞሪ ይቅርታ ይጠይቃል። ውብ ትዕይንት ነው፣ ግን አንድ ጥያቄ ትቶ ይሄዳል፤ ለምንድን ነው ፈቃዱን የሚሰጠው ሁልጊዜ በርናርድ የሆነው? ሥራው በ2018 ብሮድዌይ ላይ በጆ ማንቴሎ አዘጋጅነት ሲመለስና በ2020 እነዚያው ተዋንያን በኔትፍሊክስ ሲቀርቡ ዘጠኙም ተዋንያን ማንነታቸውን በይፋ የገለጹ ጌይ ወንዶች ነበሩ። በ1968 ግን ብዙ ተዋንያን ሚናውን ለመቀበል ፈርተው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ተዋንያን አምስቱ በኋላ በኤድስ ሞተዋል።

የፋስቢንደር ጥርጣሬ

ከአሜሪካ ውጭ ክርክሩ ሌላ መልክ ነበረው። ራይነር ቬርነር ፋስቢንደር በ1975 ባወጣው ፊልም ራሱ የሚጫወተው ፎክስ የተባለ የመዝናኛ ትርኢት ሠራተኛ ሎተሪ ይደርሰዋል። ከዚያ የተማሩ፣ ጥሩ የለበሱ ጌይ ወንዶች ጓደኞቹ ይሆናሉ፤ አመጋገቡን ያርማሉ፣ ልብሱን ይመርጡለታል፣ ገንዘቡንም ይበሉታል። ብዙ ጌይ ተመልካቾች ተቆጡ፤ ለምን ክፉ አድርገህ አሳየኸን አሉት። ፋስቢንደር የሚለው ግን ግልጽ ነው፤ አንድ ዓይነት ፍቅር መውደድ አንድ ዓይነት ኪስ አያደርግም። ስለ ጓደኝነት ሲነሣ ገንዘብን የሚረሱ ጸሐፊዎች ይህንን ፊልም ደጋግመው ማየት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹ ያለፉት ይመስለኛል።

የቀብር ዓመታት

በሐምሌ 3 ቀን 1981 ኒው ዮርክ ታይምስ በ41 ጌይ ወንዶች ላይ ስለታየ ያልተለመደ ካንሰር ዘገበ። የኖርማን ረኔ «ሎንግታይም ኮምፓኒየን» (1989) የሚጀምረው በዚያች ቀን ነው፤ ጓደኛሞች ጋዜጣውን ይዘው እርስ በርስ ይደዋወላሉ። በ1970ው ፊልም ማዋረጃ የነበረው ስልክ እዚህ የሕይወት መስመር ሆኖ ተመልሷል፤ ማን አነበበ፣ ማንን ሳል ጀመረው፣ ማን ሆስፒታል ገባ። ፊልሙ እስከ 1989 በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየመረጠ ይሄዳል፣ እየቆየም ከጠረጴዛው ዙሪያ ሰው እየጎደለ ይሄዳል። ርእሱ የተወሰደው ጋዜጣው የሟችን አጋር ለመጥራት ይጠቀምበት ከነበረው አነጋገር ነው፤ ባል የማይባል፣ ጓደኛ ቢባል የሚያንስ «የረጅም ጊዜ አጋር»።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣው የቢል ሸርዉድ «ፓርቲንግ ግላንስስ» (1986) ግን ለእኔ የበለጠ ይናገራል። ታሪኩ በኒው ዮርክ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ማይክል ከፍቅረኛው ከሮበርት ጋር ይኖራል፤ ሮበርት ለሥራ ወደ አፍሪካ ሊሄድ ነው። ማይክል ግን በየዕለቱ ምግብ ይዞ የሚሄደው ወደ ቀድሞ ፍቅረኛው ወደ ኒክ ነው፣ ስቲቭ ቡሼሚ የሚጫወተው፣ ኤድስ የያዘው። ኒክ ማይክልን ይሳደባል፣ ያሾፍበታል፣ ሐዘኔታ አይቀበልም። ኒክ ለማይክል ምኑ ነው? ፍቅረኛው አይደለም፣ ዘመዱ አይደለም፣ «ጓደኛ» ብሎ ማለፍም ትንሽ ነው። ሶሺዮሎጂስቱ ፒተር ናርዲ በ1999 ስለ ጌይ ወንዶች ወዳጅነት በጻፈው መጽሐፍ ትኩረት የሰጠው ይህንኑ በፍቅረኛና በጓደኛ መካከል ያለውን ወዲያና ወዲህ መመላለስ ነው። ሸርዉድ ሌላ ፊልም ሳይሠራ በ1990 በኤድስ ሞተ።

ከዚህ ዘመን የወጣው ትልቁ ሐሳብ «የመረጡት ቤተሰብ» የሚለው ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ካት ዌስተን በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያደረገችውን ጥናት በ1991 በመጽሐፍ አወጣች፤ ጌይና ሌዝቢያን ሰዎች በዘመድ ፋንታ ከጓደኛ፣ ከቀድሞ ፍቅረኛና ከጎረቤት የሚያበጁትን ዝምድና ዘረዘረች። ዌስተን ራሷ ጠንቃቃ ነበረች፤ ሐሳቧን የወሰዱት ሰዎች ግን ጥንቃቄዋን አልወሰዱም። ዛሬ ማንኛውም ጌይ ጓደኛሞች የሚታዩበት ፊልም ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል አይጠፋም።

ችግሩ ቤተሰብና ጓደኝነት የቆሙበት መሠረት የተለያየ መሆኑ ነው። ቤተሰብ ወረቀት አለው፣ ውርስ አለው፣ የሆስፒታል በር ይከፈትለታል። ጓደኛ ይህ ሁሉ የለውም። በእነዚያ ዓመታት የሆነው እኛ አገር ካለው ነገር ጋር ከተነጻጸረ የሚመስለው ዕድርን ነው፤ መዝገብና መዋጮ ሳይኖረው የተቋቋመ፣ አባላቱ በተራ የሚቀብሩና በተራ የሚቀበሩበት ዕድር።

ይህ ልዩነት አፍጥጦ የሚታየው በሮበን ካምፒዮ የፈረንሳይ ፊልም «120 ባትማን ፓር ሚኑት» (2017) ነው። ፊልሙ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረውን፣ አክት አፕ ፓሪስ የተባለውን የኤድስ ታጋዮች እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ካምፒዮም አባል ነበር። አብዛኛው ፊልም ስብሰባ ነው። በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ስለ መድኃኒት ኩባንያዎች ይከራከራሉ፣ ተናጋሪውን እንዳያቋርጡ በማጨብጨብ ፋንታ ጣታቸውን ያጮሃሉ። ብዙዎቹ አይዋደዱም። እዚህ ወዳጅነት በመዋደድ አይጀምርም፣ በአጀንዳ ይጀምራል። ከአባላቱ አንዱ የሆነው ሾን ቤት ውስጥ ሲሞት ሌሊቱን እነዚያው የስብሰባ ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ሬሳው ይለብሳል፣ እናቱ በመካከላቸው ተቀምጣለች። ሾን አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በኢንሹራንስ ኩባንያዎች ድግስ ላይ እንዲበተን ተናዝዟል። እናቱ ትቃወማለች ብለው ይጠብቃሉ፤ እሷ ግን ተስማምታ ለራሷም ድርሻ ትጠይቃለች። እናትና ጓዶች አመድ ሲከፋፈሉ ይታያል። ጓደኝነት ቤተሰብን ተካ የሚለውን ሐሳብ ይህ ትዕይንት አይቀበለውም፤ ሁለቱ ተደራድረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከኑዛዜውም ጓዶቹ የድርሻቸውን ይፈጽማሉ፤ አመዱ በምግቡ ጠረጴዛ ላይ ይበተናል።

«እኛ» የሚባለው ማን ነው?

ስለ ኤድስ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ፊልሞች ጓደኛሞች በአብዛኛው ነጭና ኑሮ የደላቸው ነበሩ። ማርሎን ሪግስ በ1989 በ55 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልሙ «ታንግስ አንታይድ» ይህንን ገለበጠው። ግጥም፣ ጭፈራ፣ የራስ ታሪክ ቀላቅሎ፣ ጥቁር ጌይ ወንዶች ከነጭ ጌዮች ቡና ቤትም ከጥቁር ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚገፉ አሳየ። መደምደሚያው የጥቁር ወንዶች እርስ በርስ መዋደድ ራሱ አብዮት ነው የሚል ነበር። በ1991 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ብዙ ጣቢያዎች አላሳይም አሉ፤ በ1992 ፖለቲከኛው ፓት ቡካነን ለምርጫ ማስታወቂያ መምቻ አደረገው። ከወዳጅ ወገን የመጣው ትችት ግን የበለጠ ያሳስባል። ሪግስ ራሱ የነጭ የሕይወት አጋር እያለው ይህን መናገሩ አልተዋጠላቸውም። ትችቱ ሰውየውን ይመለከታል ወይስ ሐሳቡን? ሪግስ በ1994 ሞተ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የጄኒ ሊቪንግስተን «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» (1990) ደግሞ የሃርለምን የውድድር ድግሶች ይዞ፣ ወጣቶች «እናት» በሚሏቸው መሪዎች ሥር በ«ቤት» እንደሚደራጁ አሳየ። እዚህ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል የተመልካች ትርጓሜ አይደለም፣ የባለቤቶቹ ነው። ጸሐፊዋ ቤል ሁክስ ፊልሙን ክፉኛ ነቀፈችው፤ ነጯ ዳይሬክተር ከካሜራው ኋላ ተሸሽጋ የድሆችን ሕይወት ለነጭ ተመልካች ትርኢት አደረገችው ብላ።

ጓደኛ ማንነትን እንዴት እንደሚሰጥ ጥርት አድርጎ ያሳየ ፊልም ቢፈለግ የባሪ ጄንኪንስ «ሙንላይት» (2016) ነው። ሦስት ምዕራፍ አለው፤ እያንዳንዱ የዋናውን ሰው አንድ ስም ይይዛል፦ «ሊትል»፣ «ሻይሮን»፣ «ብላክ»። የመጨረሻውን ስም ያወጣለት ጓደኛው ኬቪን ነው። ከዚያው ኬቪን ጋር በባሕር ዳር አንድ ሌሊት ያሳልፋል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ኬቪን በትምህርት ቤት ጉልበተኛ ግፊት ፊቱን ይመታዋል። ሻይሮን አድጎ፣ ጡንቻ አውጥቶ፣ ዕፅ ሻጭ ሆኖ ሲመለስ መጠሪያው ያ ኬቪን ያወጣለት ስም ነው። ስም የሰጠው እጅና የመታው እጅ አንድ መሆኑ፣ ጓደኝነት ነፃ ያወጣል ለሚሉትም ያስራል ለሚሉትም ምቾት አይሰጥም።

የአፍሪካ ሁለት ፊልሞች

የጊኒው መሐመድ ካማራ «ዳካን» በ1997 ካን ላይ ታየ፤ ማንጋና ሶሪ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ታሪክ ነው። ጓደኞች፣ ስብስብ፣ ሳሎን የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ፊት ለፊታቸው ወላጆች። ሕጉ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀል በሚቀጣበት አገር (በኢትዮጵያም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ይህንን ይደነግጋል) የጓደኛ ክበብ ፊልም ለመሥራት መጀመሪያ ክበቡ በግልጽ መኖር አለበት።

ደቡብ አፍሪካ ግን ሕጉ ከ2006 ጀምሮ ጋብቻን እንኳ ይፈቅዳል፤ የጆን ትሬንጎቭ «ዘ ዉንድ» (2017) የሚያሳየው ሕግ የማይደርስበትን ቦታ ነው። በኾሳ ሕዝብ የወንዶች ግርዛት ሥርዓት ተራራ ላይ ሾላኒና ቪጃ የተባሉ ሁለት አሳዳጊዎች በዓመት አንድ ጊዜ ይገናኛሉ። ቪጃ ባለትዳር ነው። ከጆሃንስበርግ የመጣ ተገራዥ ወጣት ግንኙነታቸውን ደርሶበት ስሙን ይጠራዋል፤ ለምን በግልጽ አትኖሩም ይላል። ሾላኒ ወጣቱን ከገደል ይገፋዋል። በምዕራቡ ዓለም ፊልም ማንነትን በስሙ የሚጠራ ጓደኛ አዳኝ ነው፤ እዚህ ስሙን መጥራት ሞት አመጣ። ሥርዓቱ ምሥጢሩን መጠበቅ አለበት ያሉ ሰዎች ተቃውመው በ2018 ፊልሙ የወሲብ ፊልም ደረጃ ተሰጥቶት ከሲኒማ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው።

ዛሬ የሚያከራክረው

በ2005 «ብሮክባክ ማውንቴን» ሲወጣ ብዙ ሐያስያን ለሁሉ የሚሆን የፍቅር ታሪክ ነው ብለው አሞገሱት። ሐያሲው ዳንኤል ሜንደልሶን ግን ይህ ሙገሳ ፊልሙን ያጠፋዋል፤ ታሪኩ በመደበቅ ስለተበላ የሁለት ወንዶች ሕይወት እንጂ ስለ ፍቅር በጥቅሉ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ሜንደልሶን ትክክል ይመስለኛል። ለዚህ አንድ ማስረጃ ልጨምር፤ ኤኒስና ጃክ ጓደኛ የላቸውም። «ዓሣ ልናጠምድ» ብለው ተራራ ሲወጡ ጓደኝነትን እንደ ሽፋን ይጠቀሙበታል፣ ሽፋኑን የሚያውቅላቸው ግን ማንም የለም። ሃያ ዓመት የሚደውሉለት ሦስተኛ ሰው ቢኖር ፊልሙ ሌላ ፊልም በሆነ ነበር።

በተቃራኒው ጫፍ የማቲው ዎርከስ «ፕራይድ» (2014) አለ። በ1984 እና 85 የብሪታንያ ማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊዜ የለንደን ጌይና ሌዝቢያን ወጣቶች በቆርቆሮ ገንዘብ እየለቀሙ ለአንድ የዌልስ ሸለቆ መንደር ላኩ፤ ማዕድን ሠራተኞቹም በ1985 የለንደኑ ሰልፍ ላይ ከነባንዲራቸው መጡ። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው። ፊልሙ አንዳንዴ ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ ግን አንድ ሐሳብ በግልጽ ያቀርባል፤ ወዳጅነት የሚጠነክረው ከማይመስሉህ ሰዎች ጋር ሥራ ስትጋራ ነው፣ ማንነትህም ሳይደበዝዝ ይቀራል።

የአንድሩ አን «ፋየር አይላንድ» (2022) ወደ ጓደኛ ሳሎን ይመለሳል፤ ይህኛው ሳሎን ግን ያለው በሀብታም ጌዮች መዝናኛ ደሴት ላይ ነው፣ ከጓደኛሞቹም ዋናዎቹ የእስያ ዝርያ ያላቸው፣ ገንዘብ የሌላቸው ናቸው። ማረፊያቸው የአንዲት ሌዝቢያን ጓደኛቸው ቤት ነው፤ እሷም ቤቱን ልታጣው ነው። ፋስቢንደር 47 ዓመት ቀድሞ ያነሣው የኪስ ጉዳይ በቀልድ ተሸፍኖ መጣ ማለት ነው። የአንድሩ ሄይ «ኦል ኦፍ አስ ስትሬንጀርስ» (2023) ደግሞ ከዚያው ዘመን የወጣ ሆኖ ጓደኛ የሚባል ሰው ጨርሶ የለበትም፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሰው በሌለበት ረጅም የለንደን ሕንፃ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ሕጉ በተለወጠበት ጊዜ የተሠራ ፊልም ከ«ቪክቲም» ይልቅ ሰው የጎደለበት ሆኖ መገኘቱን ገና ማንም በቅጡ አላስረዳም።

ምናልባት ችግሩ ከቅርጹ ይሆናል። የሁለት ሰዓት ፊልም ለፍቅር መነሻና መድረሻ አለው፤ ጓደኝነት ግን የሚለካው በመቆየት ነው። የራስል ቲ ዴቪስ «ኢትስ ኤ ሲን» (2021) በአምስት ክፍል ተከታታይ ድራማ ይህንን ዕድል አገኘ፤ ወጣቶች በአንድ የለንደን አፓርታማ ከ1981 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል አብረው ሲኖሩና ሲሞቱ እናያለን። ሁሉንም የምታስታምመው፣ የምታነብላቸው፣ ሆስፒታል የምትመላለሰው ጂል ናት፣ ሴት ጓደኛቸው፤ ገጸ ባሕርይዋ የዴቪስን እውነተኛ ጓደኛ መነሻ አድርጋ የተጻፈች ናት። ብዙ ሐያስያን ጂል የራሷ ሕይወት፣ የራሷ ፍቅር የሌላት አስታማሚ ብቻ ሆና ቀረች ብለው ወቀሱ። ሌሎች በዚያን ዘመን እንዲህ ያሉ ሴቶች በእርግጥ ነበሩ፣ ማንም አላመሰገናቸውም ብለው ተከላከሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ በርናርድ ፈቃድ ሰጪ በሆነበት ሳሎን እንደነበረው ሁሉ፣ የጓደኝነቱን ሸክም ማን እንደሚሸከም ግን ከጓደኛሞቹ አንዳቸውም ድራማው ውስጥ አይጠይቁም።